ከሙሰፋ እስከ ሶማሌ ተራ፦ ትክክለኛውን ክሮቼራ የማግኘት ጉዳይ

ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን የሚወስደው የጭነት መኪናዎች መንገድ በየዕለቱ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ውኃ፣ የእንስሳት መኖና የግንባታ ድንጋይ የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበት ነው። ኢ-30 በመባል የሚታወቀው ይህ መንገድ ከሙሰፋ የኢንዱስትሪ ቀጠና አካባቢ ተነስቶ በረሃውን በማቋረጥ ወደ አል ዐይን ይዘልቃል። ከአል ዐይን ወዲያ ጭነቱ በኸትም አሽ-ሺክላና በመዝየድ የድንበር ኬላዎች በኩል ወደ ዑማን ይሻገራል። በዚህ ጉዞ ላይ አንድን ግዙፍ መኪና ከመንገድ ሊያስወጡ ከሚችሉ ብልሽቶች መካከል አንዱ የሚመነጨው በመዳፍ ተይዞ ከሚመዘን አንድ የብረት መስቀል ነው። ይህም የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ ከሁለቱም ጫፍ የሚያያይዘው መጋጠሚያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ጋራዦች ከጣሊያንኛ በመጣው ስሙ ክሮቼራ ተብሎ ይጠራል።

የዕቃው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ገበያም እጥረት የለበትም። ይሁንና ትክክለኛውን ምትክ ማግኘት ለአሽከርካሪዎች፣ ለጋራዥ ባለቤቶችና ከኤምሬቶች መለዋወጫ ገዝተው ወደ አዲስ አበባ ለሚልኩ ነጋዴዎች አሁንም ቀላል አልሆነም። የኢትዮጵያና የኤምሬቶች የንግድና የገንዘብ ትስስር እየጠበቀ ባለበት በዚህ ወቅት ችግሩ ከጋራዥ ወሬ አልፎ የምጣኔ ሀብትና የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆኗል።

የአንድ ዕቃ ብዙ ስሞች

የዕቃው ታሪክ የዘመናት ቅብብሎሽ ነው። ዘንጉን ብዙ ቋንቋዎች «ካርዳን» የሚሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሊቅ በጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ መጋጠሚያው አሠራር የጻፈ ሲሆን፣ ዕቃው ለመኪና ኢንዱስትሪ የበቃው አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ መብት ካገኘበትና በማግስቱ ዓመት ማምረት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ነው። ዛሬም በዓለም ገበያ በስፋት ከሚታወቁት የመጠን መለያዎች አንዱ በእርሱ ስም የሚጠራው ተከታታይ ቁጥር ነው።

ስሙም እንደ ታሪኩ ብዙ ነው። በዐረቡ ዓለም ጋራዦች ዕቃው «ሰሊብ» ወይም «ሰሊባ» ይባላል፤ ትርጉሙ መስቀል ነው። የጣሊያንኛው ቃልም መነሻው ያው መስቀል ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ ግን «ሁሉን አቀፍ መጋጠሚያ» እንደማለት ስለሆነ፣ ቃል በቃል የተረጎመው ሰው ለሁሉም መኪና የሚሆን ዕቃ እንዳለ ሊመስለው ይችላል። እውነታው ከዚህ ተቃራኒ ነው። «ሁሉን አቀፍ» የተባለው መጋጠሚያው ወደየትኛውም አቅጣጫ መታጠፍ ስለሚችል እንጂ ለየትኛውም መኪና ስለሚስማማ አይደለም።

የመለዋወጫን ደረጃ የሚገልጹ ቃላት ደግሞ የበለጠ ያሳስታሉ። በባሕረ ሰላጤው ገበያ «ዊካላ» የሚባለው ከመኪናው አምራች ሕጋዊ ወኪል የተገዛ ዕቃ ነው። «አስሊ» ዋናው ወይም ኦሪጅናል ማለት ነው። «ቲጃሪ» የሚባለው በሌላ ኩባንያ ተሠርቶ በራሱ ስም በገበያ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን፣ አንዳንዱ ከፍተኛ ጥራት ያለው፣ አንዳንዱም ደካማ ነው። በሕግ ቋንቋ «ሙቀለድ» የሚባለው ግን የሌላን የንግድ ምልክት አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ዕቃ ነው። በአማርኛ የገበያ ንግግር «ቲጃሪ»ም «ሙቀለድ»ም አንዳንድ ጊዜ «ኮፒ» በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላሉ። በዚህ ምክንያት ገዢው ሕጋዊና ጥሩ ዕቃ እያለ ይሸሻል፤ ወይም ሐሰተኛውን «ያው ኮፒ ነው» ብሎ በርካሽ ይገዛል።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መኪና አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ክሮቼራን ራሳቸው እንደማይሠሩ ነው። ከልዩ አምራቾች ይገዙና በራሳቸው ሳጥን ያቀርቡታል። ስለዚህ አንዱ ዕቃ በመኪናው አምራች ሳጥን ውድ፣ በሠሪው ኩባንያ ሳጥን ደግሞ ረከስ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ይህንን ልዩነት የሚያውቅ ገዢ ጥራት ሳይቀንስ ወጪውን ይቀንሳል።

በሚሊ ሜትር የሚወሰን ዕጣ

የክሮቼራ አካል ሲታይ ቀላል ነው። አራት እጅ ያለው መስቀል፣ በእያንዳንዱ እጅ ላይ የሚገባ ቆብ፣ በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች፣ ግሪሱን የሚይዝ ጎማ፣ እንዲሁም ቆቡ ከሹካው እንዳይወጣ የሚይዝ መቆለፊያ አለው። አስቸጋሪነቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ገዢው ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል፦ የቆቡን ዲያሜትር፣ የመስቀሉን ጠቅላላ ርዝመትና የመቆለፊያውን ዓይነት።

ከስፓይሰር ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ለቀላል ጭነት መኪናዎች የሚውሉት ሦስቱ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። 1310 የተሰኘው የቆቡ ዲያሜትር 27 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 81.8 ሚሊ ሜትር ነው። 1330 የቆቡ ዲያሜትር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ ርዝመቱ 92.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1350 ደግሞ ርዝመቱ ከሁለተኛው ጋር እኩል ሲሆን የቆቡ ዲያሜትር ወደ 30.2 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ቆቡን ብቻ የለካ ሰው የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን አይለይም፤ ርዝመቱን ብቻ የለካ ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያምታታል። በስልክ የተላከ ፎቶግራፍ ብቻውን የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ ሦስቱም በምስል ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ።

መቆለፊያውም የራሱ ፈተና አለው። በአንዳንዱ መስቀል ላይ መቆለፊያ ቀለበቱ የሚገባው ከሹካው ጆሮ በውጭ በኩል ሲሆን፣ በሌላው ከውስጥ በኩል ነው። በከባድ መኪናዎች ላይ ደግሞ ቆቡ በሳህንና በቡሎን የሚታሰርበት አሠራር አለ። ቀለበቱ ከውጭ በሚገባበት ጊዜ ርዝመቱ የሚለካው ከቆብ ጫፍ እስከ ቆብ ጫፍ ነው፤ ከውስጥ ከሆነ ግን ከአንዱ የቀለበት ቦይ እስከ ሌላው ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን ዕቃ ለክተው የተለያየ ቁጥር የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ የመስቀሉ አግዳሚዎች እኩል ያልሆኑባቸው ዓይነቶች ስላሉ፣ አንዱን አቅጣጫ ለክቶ ሌላውን በግምት ማለፍ ያሳስታል።

የተሽከርካሪው ስምና ሞዴል ሁልጊዜ መልስ አይሆንም። አንድ የጭነት መኪና ሞዴል እንደ ርዝመቱና እንደ የመጫን አቅሙ ልዩ ልዩ ዘንግ ሊገጠምለት ይችላል። በሥራ ላይ ረጅም ዘመን የቆየ መኪና ደግሞ ዘንጉ ከሌላ መኪና ተወስዶ የተተካለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሻንሲ ቁጥሩ የሚያመጣው የመለዋወጫ ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን እንጂ አሁን ያለበትን አይነግርም። አስተማማኙ መንገድ ሁለቱን ማመሳከር ነው፤ በቅድሚያ በሻንሲው ቁጥር የተገኘውን መያዝ፣ ቀጥሎም በመኪናው ላይ ያለውን በካሊፐር መለካት።

ሙቀት፣ ጭነትና ሕግ

የኤምሬቶች የአየር ጠባይ ለዚህ ዕቃ ምሕረት የለውም። በአል ዐይን ክልል በምትገኘው በሰዊሃን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ከ51 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ተመዝግቧል። ሙቀት ግሪስን ያቀጥናል፤ የበረሃ ደቃቅ አሸዋ ደግሞ በተዳከመ ጎማ በኩል ገብቶ ከግሪሱ ጋር ሲቀላቀል ብረትን የሚፍቅ ሊጥ ይሆናል። ስለዚህ ግሪስ የመስጠት ሥርዓት ከዕቃው ጥራት የማይተናነስ ድርሻ አለው። ደንቡ አዲሱ ግሪስ በአራቱም ቆቦች ጎማ በኩል አሮጌውን እየገፋ እስኪወጣ ድረስ መሙላት ነው። ከአንዱ ቆብ አልወጣም ማለት ያ እጅ ግሪስ አላገኘም ማለት ነው።

ሌላው የክሮቼራ ጠላት ከመጠን ያለፈ ጭነት ነው። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ፌዴራላዊ ሕግ የከባድ ተሽከርካሪዎችን ከፍተኛ አጠቃላይ ክብደት በ65 ቶን ገድበዋል። የሕጉ ዋና ዓላማ መንገዶችን መጠበቅና ደኅንነትን ማሳደግ ቢሆንም፣ ለመጋጠሚያዎችም ዕድሜ ይሰጣል፤ ዘንጉ የሚሸከመው ጉልበት ከጭነቱና ከዳገቱ ጋር አብሮ ያድጋልና። በ2023 የካቲት ወር የኢትሃድ ባቡር ብሔራዊ የጭነት መስመር በይፋ መመረቁም የረጅም ርቀት ጭነትን ከፊል ወደ ሐዲድ እየወሰደ ነው። ያም ሆኖ ከባቡር ጣቢያ እስከ ፋብሪካና እስከ ግንባታ ቦታ ያለው የመጨረሻ ጉዞ በመኪና መሆኑ አይቀርም። እንዲህ ያለው አጭርና ተደጋጋሚ ጉዞ ደግሞ መነሳትና መቆም የሚበዛበት በመሆኑ መጋጠሚያን ከረጅሙ ጉዞ ባልተናነሰ ያደክማል።

በሐሰተኛ ዕቃዎች ላይ ያለው ሕግም ተጠናክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የንግድ ማጭበርበርን የሚከላከል ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 19 የተጭበረበሩ፣ ሐሰተኛና የተበላሹ ዕቃዎችን በየስማቸው ለይቶ ከልክሏል፤ በ2023 ደግሞ በድንጋጌ ሕግ ቁጥር 42 ተተክቷል። የ2020 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ቁጥር 15 በበኩሉ ለገዢው ቀን ያለበት ደረሰኝ የማግኘትና ጉድለት ላለበት ዕቃ መፍትሔ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በሙሰፋም ሆነ በአል ዐይኑ «ሰናዒያ» የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ይህንን መብት መጠቀም የሚችለው ግን ደረሰኝ ከያዘ ብቻ ነው። በደረሰኙ ላይ «ሰሊብ 1» ተብሎ ከተጻፈለት ማስረጃው ጎዶሎ ነው፤ የአምራቹ ስምና የመለዋወጫው ቁጥር ከሰፈረበት ግን መብቱ በእጁ ነው።

ከድርሃም ወደ ብር

የጉዳዩ ሁለተኛ ገጽታ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። የሀገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም ቢሆን አብዛኛው ጭነት በከባድ መኪና ይጓጓዛል። ለእነዚህ መኪናዎች መለዋወጫ ከሚፈለግባቸው ስፍራዎች ቀዳሚው በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ነው። ከሶማሌ ተራ መደርደሪያዎች ጀርባ ደግሞ የዱባይ፣ የሻርጃና የአቡ ዳቢ ገበያዎች አሉ።

ይህ ግንኙነት ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ እጥረት ታንቆ ኖሯል። ሁለት ክስተቶች ሁኔታውን ቀይረውታል። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃምና 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት መፈራረማቸውና በየራሳቸው ገንዘብ መገበያየትን ለማበረታታት መስማማታቸው ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ወር መጨረሻ ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ማድረጓ ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የተሳሰረ በመሆኑ በድርሃም የተገዛ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን በዚያው ልክ ጨምሯል።

የእነዚህ ሁለት ክስተቶች ድምር ውጤት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ምንዛሪ ማግኘት ቀድሞ ከነበረው ሲቀል፣ በተሳሳተ ዕቃ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ግን በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል። በሙሰፋ የተገዛ የማይገጥም ክሮቼራ እዚያው ላለ ገዢ የግማሽ ቀን ኪሳራ ነው፤ ተመልሶ ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ደርሶ አልገጥም ያለ ግን ወደ ሻጩ አይመለስም። መኪናው ይቆማል፣ ጭነቱ ይዘገያል፣ ባለንብረቱም ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አልያም ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይከተላል፤ የማይገጥመውን ቆብ ጠርቦ ወይም በቆርቆሮ ደግፎ ማስገባት።

የአባይ ቁልቁለት ጥያቄ

እንዲህ ያለው «እንደ ምንም» የተገጠመ ክሮቼራ አደጋው የት እንደሚገለጥ ለመረዳት የመኪናውን አሠራር ማየት ያሻል። ዘንጉ በተበጠሰ ጊዜ አሽከርካሪው የሚያጣው ወደፊት የሚገፋውን ኃይል ብቻ አይደለም። ማርሽ ቀንሶ በሞተር የመያዝ አቅሙ፣ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካለውም እርሱ፣ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁሉም ወደ ጎማ የሚደርሱት በዚያው ዘንግ በኩል ነውና። በብዙ ቀላልና መካከለኛ የጭነት መኪናዎች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው በካምቢዮው ጀርባ ያለውን የዘንግ ጫፍ ነው። ዘንጉ ሲለያይ የእጅ ፍሬኑ ጎማውን መያዝ ያቆማል። የተንጠለጠለው ዘንግ እየተሽከረከረ የነዳጅ ታንከሩን ወይም የፍሬን አየር ቧንቧዎችን ሊመታም ይችላል።

ይህ በኤምሬቶች ሜዳማ በረሃ ላይ ቢደርስ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ ማቆም የሚቻልበት ዕድል አለ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የአባይ በረሃ ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት በሞተር መያዝ የማይችል ባለሙሉ ጭነት መኪና የሚተማመነው በጎማ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እርሱም ሲግል ይደክማል። እንግዲህ በሙሰፋ መደርደሪያ ፊት የተደረገ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት ውጤቱ የሚለካው ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ርቆ፣ ሌሎች ሰዎች በሚጓዙበት መንገድ ላይ ነው።

ምልክቶቹ ቀድመው ይታያሉ። ከማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማ «ቋ» የሚል ድምፅ፣ በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚመጣ ንዝረት፣ በቆቡ ዙሪያ የሚታይ የዝገት ቀለም ያለው ዱቄት ሁሉ መጋጠሚያው እያለቀ እንደሆነ ይናገራሉ። ንዝረቱን ችላ ያለ ባለንብረት ቆይቶ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ኩሽኔታዎችም ይቀይራል።

መፍትሔው ከመግዛት በፊት ይጀምራል

ችግሩ በአብዛኛው የመረጃ ችግር በመሆኑ መፍትሔውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ የሚላክ የግዢ ትእዛዝ የመኪናውን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥር፣ በአሮጌው ዕቃ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ካለ እርሱን፣ በካሊፐር የተለካውን የቆብ ዲያሜትር፣ የሁለቱንም አግዳሚዎች ርዝመት፣ የመቆለፊያውን ዓይነትና የግሪስ መቀበያውን ቦታ ቢይዝ፣ ሻጩ ከግምት ይድናል። ፎቶግራፉም ከመለኪያው ጋር አብሮ የተነሳ ቢሆን ዋጋ ይኖረዋል። የተበላው ክፍል ስለሚያሳስት ልኬቱ ካልተበላው የቆቡ ውጫዊ አካልና ከሹካው ቀዳዳ ጋር መመሳከር አለበት።

አገጣጠሙም እንደ ግዢው ጥንቃቄ ይሻል። መጋጠሚያው በዘንበል ሲሽከረከር የሚያስተላልፈው ፍጥነት በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት መጋጠሚያዎች ይህንን መዋዠቅ የሚያጣፉት ሹካዎቻቸው በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት በጠመኔ ወይም በቀለም ምልክት ማድረግ ግድ ነው። ቆቡን በመዶሻ መደብደብም በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሮለሮች ያዛንፋል፤ በመጫኛ ማሽን ቀስ ብሎ ማስገባት ይገባል። አዲሱ መስቀል በትክክለኛ ልኬት ቢገዛም በዚህ ደረጃ ከተበላሸ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከግለሰቦች ጥረት ባሻገር ተቋማት የሚሠሩት ሥራ አለ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቾችን መብት ደንግጋለች፤ ኤምሬቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሁለቱ ሀገራት እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባላት ሆነዋል፤ ባንኮቻቸውም ተቀራርበዋል። ቀጣዩ ተፈላጊ እርምጃ በንግድ ምክር ቤቶችና በሙያ ማሠልጠኛዎች በኩል ለደኅንነት ወሳኝ የሆኑ መለዋወጫዎችን ስምና መለኪያ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የጋራ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። «ቲጃሪ»ን ከ«ሙቀለድ»፣ የውስጥ መቆለፊያን ከውጭ መቆለፊያ የሚለይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ የሻጩንም፣ የገዢውንም፣ የመካኒኩንም አለመግባባት ይቀንሳል።

የሁለቱ ሀገራት የንግድ ግንኙነት ሲነሳ ቢሊዮኖችና ትልልቅ ፕሮጀክቶች ቀድመው ይጠቀሳሉ። የእነዚህ ስምምነቶች ጥቅም ለሕዝብ የሚደርሰው ግን ጭነቱ በሰላም ሲገባ ነው። የድርሃምና የብር መንገድ ተከፍቷል፤ ዕቃውም በሙሰፋና በአል ዐይን መደርደሪያዎች ላይ አለ። የቀረው ካሊፐር ይዞ መለካት፣ የለኩትን በትክክለኛ ስሙ መጻፍና ደረሰኝ መቀበል ነው። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ በአባይ ቁልቁለት ላይ ግን የአሽከርካሪው፣ የረዳቱና የተጓዦች ሕይወት ሊንጠለጠልበት ይችላል።